ጌጠኛ ካርታ ለመሰብሰብ፦ ለጅማ ሰው የትኛው ይሻላል?

ጌጠኛ የመጫወቻ ካርታ ለመግዛት ስታስቡ መጀመሪያ የምትጠይቁት ይህን ይሁን፦ ሥዕሉ ጀርባው ላይ ብቻ ነው ወይስ ፊቱም ላይ አለ? ሳጥኑ በወርቅማ ቀለም ያብለጨልጫል፤ ጀርባውም ልብ ይሰርቃል። ገልብጣችሁ ስታዩት ግን ንጉሡም ንግሥቷም ኮንከር የምንጫወትበት ካርታ ላይ ያሉት ናቸው። ጅማ ላይ እንዲህ ያለ ካርታ አብዛኛውን ጊዜ የሚገባው ከውጭ በሚመጣ ዘመድ ሻንጣ ነው። አልወደድኩትም ብሎ መመለስ ከባድ ነው። ከመክፈላችሁ በፊት የፊቱን ፎቶ አስልኩ።

ጀርባው ብቻ ካጌጠው ወገን የታወቀው ባይስክል የሚባለው የአሜሪካ ካርታ ነው። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ከ1885 ጀምሮ ይታተማል። ዛሬ በብዙ ዓይነት ጌጥ ይወጣል፤ ዋጋውም ከሌሎቹ ቀለል ይላል። ላዩ ላይ ጥቃቅን ጎድጎድ ያሉ ነጥቦች ስላሉት ሲበወዝ ይንሸራተታል። መጫወትም መሰብሰብም ለሚፈልግ ሰው ይሄ ይበቃዋል። ወርቅማ ንጣፍ የተለጠፈበትን ግን አትጫወቱበት፤ በመበወዝ ብዛት ይላጣል።

እኔን የሚማርከኝ ሁለተኛው ዓይነት ነው፤ እያንዳንዱ ካርታ ራሱን የቻለ ሥዕል የሆነበት። ሠዓሊው ምልክቶቹን ከተለመደው ቦታቸው ማንቀሳቀስ አይችልም። ሰባት ቀይ ልብ ካለ፣ ሰባቱም እዚያው ባሉበት ፊት፣ ጋሻ ወይም የቀሚስ ጥለት መሆን አለባቸው። ጥበቡ ያለው እዚህ ገደብ ውስጥ ነው። በጀርመን ቱቢንገን ከተማ በፈረንጆቹ 1805 እንዲህ ያለ ሙሉ እሽግ ታትሞ ነበር፤ ዛሬም አዳዲስ ይሠራሉ። አንድ ካርታ ላይ ዓይናችሁ ይቆያል፤ ለዕለት ጨዋታ ግን ቁጥሩን ቶሎ ለመለየት ያስቸግራል። አንድ እሽግ ብቻ የመግዛት አቅም ያለው ሰው ቢጠይቀኝ ይህን እለዋለሁ።

ሦስተኛው ጋንጂፋ የሚባለው የሕንድ ካርታ ነው። ክብ ነው፤ በባህላዊ መንገድ በእጅ ይሳላል። አንደኛው ዓይነት 96 ካርታ፣ የሂንዱውን አምላክ የቪሽኑን አሥር ትስጉቶች የሚያሳየው ደግሞ 120 ካርታ አለው። በማሃራሽትራ ግዛት ሳዋንትዋዲ ከተማ አሁንም ይሠራል። ኮንከር አይሆንም፤ የሚገዛው ለዓይን ነው። በእጅ የተሳለ ነው ከተባላችሁ መስመሮቹን አጉልታችሁ እዩ። የእጅ ሥራ ከካርታ ካርታ ትንሽ ይለያያል።

አሁን የጅማ ዝናብ። ወረቀት እርጥበት ይጠጣል፣ ያብጣል፣ ይጎብጣል። ቡና እየተጠጣ፣ ፈንዲሻ እየተበላ ለመጫወት ሙሉ በሙሉ ፕላስቲክ የሆነውን ግዙ፤ የብራዚሉ ኮፓግ አንዱ ነው። ዘይት ቢነካው በእርጥብ ጨርቅ ይጠረጋል። የወረቀቱን ግን በሚዘጋ ዕቃ አስቀምጡት። ከአዲስ ጫማ ካርቶን የምትገኘዋን እርጥበት የምትመጥ ትንሽ ከረጢት አትጣሏት፤ አብራችሁ ክተቷት።

የጅማ አናጺዎች እጅ የተመሰከረለት ስለሆነ ሳጥን ማሠራት ትችላላችሁ። እንጨቱ በደንብ የደረቀ ይሁን። የተለመደው የፖከር ካርታ 63 በ88 ሚሊሜትር ነው፤ የብሪጅ የሚባለው ወርዱ 57 ነው። ለጋንጂፋ ካርታው እጃችሁ ሳይገባ ሳጥን አታዙ።