የልጆች አስቂኝ የሰላይ ጀብዱ መጻሕፍት፦ ሙሉውን በካርቶን ወይስ አንድ በአንድ?

አንድ በአንድ ይግዙ። በካርቶን የተሸጠ ስብስብ መደርደሪያ ላይ ያምራል፤ ሒሳቡ ሲሠራ ግን አብዛኛውን ጊዜ አያዋጣም።

ስድስት ቅጽ የያዘ ካርቶን በአራት ነጠላ መጻሕፍት ዋጋ ይሸጣል እንበል። ሁለቱን በነጻ ያገኙ ይመስላል። ልጁ ሦስተኛው ላይ ከሰለቸ ግን ሦስት ለማንበብ የአራት ከፍለዋል፤ ትርፍ የሚገኘው አምስተኛውን ሲጀምር ነው። ዋጋውን ማካፈል ያለብዎት በሚነበቡት ቅጾች ቁጥር እንጂ ካርቶኑ ውስጥ ባሉት አይደለም። ተከታታዩ ገና ካላለቀ ደግሞ ለቀጣዩ ቅጽ ካርቶኑ ውስጥ ቦታ አይኖርም።

ካርቶን የሚያዋጣው ታሪኩ ከቅጽ ወደ ቅጽ ሲያያዝ ነው። የስቱዋርት ጊብስ «ስፓይ ስኩል» (እ.ኤ.አ. 2012 የጀመረው) እንዲህ ነው፦ ስፓይደር የተባለው የክፉዎች ድርጅት እየተመላለሰ ስለሚመጣ ቅጽ ዘለው ካነበቡ የከሃዲው ማንነት ቀድሞ ይታወቃል። የማክ ባርኔት «ማክ ቢ፣ ኪድ ስፓይ» (2018) ግን አጭርና በሥዕል የተሞላ ነው፤ የእንግሊዝ ንግሥት ለልጁ ስልክ ደውላ ተልእኮ ትሰጠዋለች፣ ተልእኮውም እዚያው ያልቃል። ረጅም ጽሑፍ ለሚፈራ አንባቢ ከዚህኛው አንድ ቅጽ ይበቃል።

ከዋጋው በላይ የሚጎዳው አስመስሎ የታተመ ቅጂ ነው። በዚህ ዓይነት መጽሐፍ ግማሹ ቀልድ በሥዕል፣ በካርታና በሚስጥር ጽሑፍ ነው የሚነገረው። ቅጂው ከስካን ስለሚታተም ግራጫው ጥላ ጥቁር ጭቃ ይሆናል፤ የውስጥ ኅዳጉ ስለሚጠብ የሚስጥሩ መፍቻ ሰንጠረዥ ጥራዙ ውስጥ ይዋጣል፤ አንዲት ፊደል ከጠፋች ደግሞ ልጁ ኮዱን ሲፈታ ቢውልም አይወጣለትም። መጽሐፍ ብዙ ጊዜ በ16 ወይም በ32 ገጽ እጥፍ ስለሚታተም፣ ከጎደለም የሚጎድለው እንደዚያው በጅምላ ነው፤ የገጽ ቁጥሮቹን እየገለጡ ያጣሩ። ከዚያ አይኤስቢኤኑን (የመጽሐፉን መለያ ቁጥር) ይመልከቱ። 13ቱን አሃዞች ከግራ ጀምረው በተራ በ1 እና በ3 ያባዙ፣ ይደምሩ፤ ድምሩ በ10 ካልተካፈለ ቁጥሩ የተሳሳተ ነው (ልጁን ያስሠሩት፣ እሱም ስለላ ነው)። ቢካፈልም ግን አይተማመኑ፤ ትክክለኛ ቁጥር መቅዳት ቀላል ነው። እያንዳንዱ ቅጽ የራሱ ቁጥር ሊኖረው ሲገባ ሁሉም አንድ ዓይነት ከያዙ ይመልሱት።

ጠንካራ ሽፋን ጥንካሬ ማለት አይደለም። የጀርባውን (ገጾቹ የተያያዙበትን ወገን) ጫፍ ከላይ ሲያዩት የታጠፉ እጥፎች ተደርድረው ከታዩና በእጥፉ መሐል ክር ካለ ተሰፍቷል፤ ወረቀቱ ልሙጥ ሆኖ ከተቆረጠ በሙጫ ብቻ ነው የተያዘው፣ ለሽፋኑ ተጨማሪ የከፈሉት ለመልኩ ነው። መሐሉን ቀስ ብለው ሲከፍቱት «ቀጭ» ካለ ሙጫው ደርቆ ሊሆን ይችላል፣ ገጹም ሊረግፍ ይችላል።

ለረገፈ ገጽ ስኮች አይለጥፉ፤ ቢጫ ይሆንና ሙጫው ወረቀቱ ውስጥ ይሰርጋል። ፈጣኑ ሙጫም ጠንክሮ ወረቀቱን ይቀድደዋል። በገጹ የውስጥ ጠርዝ ላይ ከ2 እስከ 3 ሚሊሜትር ስፋት ነጭ ኮላ በስሱ ይቀቡ፣ ገጹን እስከ ጥራዙ ያስገቡ፣ በሁለቱም ጎን ፕላስቲክ ያድርጉና ከባድ ነገር ጭነውበት ያሳድሩ። ካርቶን የገዙ ሰዎች መጽሐፉን ከአናቱ በጣት እየጎተቱ ጀርባውን ይቀድዱታል፤ ጎረቤቶቹን ወደ ውስጥ ገፋ አድርገው ወገቡን ይዘው ያውጡት።

የድምፅ ቅጂው ለመንገድ ደህና ነው፣ የሥዕሉ ቀልድ ግን የለም።

ያገለገለ ሲገዙ መጀመሪያ የሚስጥር ጽሑፉን ገጽ ይክፈቱ። የቀድሞው ባለቤት መልሱን በእስክሪብቶ ሞልቶት ከሆነ ዋጋው በግማሽ ይቀነስልዎ።