የስዊዘርላንድ የድሮ የጋብቻ መዝገብ፦ የካቶሊኩ ወይስ የፕሮቴስታንቱ?

የዘር ሐረጉን በጀርመንኛ ተናጋሪው ስዊዘርላንድ የሚፈልግ ሰው፣ ከ1876 (እንደ ፈረንጆቹ) በፊት የነበረን ጋብቻ ባብዛኛው የሚያገኘው ከቤተ ክርስቲያን መዝገብ ነው።

የፕሮቴስታንቱ ቀድሞ ይጀምራል፤ ዙሪክ ከ1520ዎቹ አንስቶ መዝግባለች። የተጻፈው በጀርመንኛ ነው፤ የእጅ ጽሑፉ ግን ዓይን ያፈዛል። የካቶሊኩ በላቲን ነው። ሲያዩት ያስፈራል እንጂ ያው ቃላት ይደጋገማሉ። እኔ እሱን እመርጣለሁ። ወጥመዱ ስም ላይ ነው፦ «ፊሊዩስ ዮአኒስ» ካለ የዮሐንስ ልጅ ማለት ነው፤ አባትየው ራሱ ግን «ዮአኔስ» ነው።

ቀኑ ደግሞ ሌላ ጉድ ነው። አብዛኞቹ የካቶሊክ ካንቶኖች (የስዊዘርላንድ ክልሎች) አዲሱን የጎርጎርዮስ አቆጣጠር በ1584 ሲቀበሉ ፕሮቴስታንቶቹ ዙሪክና በርን በአሮጌው እስከ 1701 ቆዩ። በ1650 ዙሪክ ሜይ 1 ስትል ካቶሊኳ ሉሰርን ሜይ 11 ላይ ነበረች። ሁለት ካላንደር ለለመድነው ለእኛ ይሄ ብርቅ አይደለም።