ብድርም አክሲዮንም ለያዛችሁ የድሬ ልጆች፣ አንድ ሰው ልጠቁማችሁ

ከዚራ አካባቢ ቢሮ ያላቸውን አንድ የሂሳብ ባለሙያ በአደባባይ ላመሰግን ነው። ስማቸውን እንዳልጽፍ ነግረውኛል። የምትፈልጉ በውስጥ ጻፉልኝ፣ አድራሻውን እሰጣችኋለሁ።

ሱቄን ለማስፋት ከባንክ ተበድሬያለሁ። የሌላ ባንክ አክሲዮንም አለኝ፤ ልገዛ ከፈረምኩት ገና ያልከፈልኩት አለ። በ2017 ኢትዮ ቴሌኮም በቴሌብር ሲሸጥ ደግሞ ዝቅተኛውን 33 አክሲዮን ገዛሁ፣ አንዱን በ300 ብር። ባለቤቴ «ሽጪና ብድሩን ዝጊ» ይላል። እኔ «ትርፉ ብድሩን ይከፍለዋል» እላለሁ። ጭቅጭቁ ማለቂያ አጣ።

እሳቸው ሁለታችንንም አዳመጡ። ከዚያ «ልጄ፣ አክሲዮኑን በስንት ገዛሽው?» አሉኝ። ለካ ባንኩ በፐርሰንት የሚናገረው ትርፍ የሚሰላው አክሲዮኑ ላይ በተጻፈው ዋጋ ነው። በምሳሌ አሳዩን። 1,000 ብር የተጻፈበት አክሲዮን 15 ፐርሰንት ካስገኘ 150 ብር ነው። ያንኑ በ1,300 ብር ከሰው ላይ ለገዛ ግን 11.5 ፐርሰንት ገደማ ብቻ ነው። ያውም ግብር ሳይቆረጥ። ብድሩ በ18 ፐርሰንት ከሆነ እንግዲህ ሂሳቡን ራሳችሁ ሥሩት።

ሌላም አለ። ብድር በየወሩ ይጠይቃል። ትርፍ ግን ሰኔ 30 ሂሳብ ተዘግቶ፣ ኦዲት ተደርጎ፣ ጠቅላላ ጉባኤ ካጸደቀው በኋላ ነው የሚመጣው። እሱም ሁልጊዜ በጥሬ ብር አይደለም። ብሔራዊ ባንክ የባንኮችን ዝቅተኛ ካፒታል 5 ቢሊዮን ብር ካደረገ ወዲህ፣ ትርፉን መልሰው ወደ አክሲዮን የሚያዞሩ ባንኮች አሉ። ወረቀት ላይ ሀብታም ናችሁ፣ የወሩን ብድር የምትከፍሉበት ግን የላችሁም።

ፈርሜ ያልከፈልኩትንም ከእዳው ዝርዝር ውስጥ ጻፉት። እኔ እስከዚያ ድረስ እንደ ሀብት ነበር የምቆጥረው!

ሽጪ አላሉኝም። አዲስ አክሲዮን መግዛት አቁሚ፣ የፈረምሽውን በጊዜው ጨርሺ፣ ትርፍ በእጅሽ ሲገባና ዕቁብ ሲደርስሽ ብድሩ ላይ ጨምሪ አሉኝ። ከዚያ በፊት ግን የአንድ ሁለት ወር ወጪ አስቀምጪ። ውሉን ቁጭ ብለው አነበቡልኝ፤ ቀድሞ መክፈል ክፍያ ያስከትል እንደሆነ ለማየት ነው። ጨምሬ የምከፍለው ከዋናው ብድር እንዲቀነስልኝም ለባንኩ ደብዳቤ ጻፉልኝ።

አንድ ነገር ላይ አልሰማኋቸውም። ከአጎቴ የተበደርኩትን፣ ወለድ ስለሌለው መጨረሻ ላይ አስቀመጡት። እኔ መጀመሪያ ከፈልኩት። ከአጎቴ ጋር በየሰርጉ እንገናኛለን፣ ከባንኩ ጋር አንገናኝም።

ከወለድ ነፃ በሙራባሃ፣ ማለትም ባንኩ ዕቃውን ገዝቶ ትርፉን ጨምሮ በዱቤ በሚሸጥበት መንገድ፣ ዕቃ የወሰደች ጎረቤቴንም ወስጃት ነበር። የእሷ ስሌት ሌላ ነው። ዋጋው ከመጀመሪያው ስለተቆረጠ ቶሎ መክፈል ብቻውን አይቀንስላትም። እዚያው ነግረው ገንዘብ ሳይቀበሏት ሸኟት።

በጣም ደስ ያለኝ የቱን አክሲዮን ልግዛ ስላቸው እምቢ ማለታቸው ነው። ለዚያ ከካፒታል ገበያ ባለስልጣን ፈቃድ ያለው አማካሪ ፈልጊ አሉ። እየደወለ «ቶሎ ግዢ፣ ሊያልቅ ነው» የሚል ደላላ በበዛበት ከተማ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም።

እንከን አያጣቸውም። ወሬ ይወዳሉ፣ ደንበኛ ተሰልፎም ይጫወታሉ። ጽሁፋቸውን ለማንበብ ደግሞ ሁለት ሰው ያስፈልጋል። ክፍያቸው ግን አይጎዳም።

የምትሄዱ ከሆነ ጠዋት ሂዱ፤ ቀትር ላይ በዚህ ሙቀት ይዘጋሉ። ሐምሌን ተዉት፣ የግብር ሰሞን ስለሆነ ወረፋው አይቻልም። የብድር ውላችሁንና የአክሲዮን ሰርተፍኬታችሁን ዋናውን ያዙ። በስልክ ፎቶ አንስታችሁ ከሄዳችሁ ቡና ጋብዘው ይመልሷችኋል።