ግራቭል ብስክሌት ከወራት በኋላ፦ ጫካ፣ የወንዝ ዳር እና ብዙ ጭቃ

መጀመሪያ ብስክሌቷን ላስተዋውቅ። ግራቭል ማለት ለጠጠርና ለአፈር መንገድ የተሠራ ብስክሌት ነው። ቴላዮዋ አሉሚኒየም ነው፤ የፊት ሹካዋ ካርበን። ፊት ያላት አንድ ማርሽ ብቻ ነው፣ ባለ 40 ጥርስ። ኋላ ደግሞ ከ11 እስከ 42 ጥርስ የሚሄዱ 11 ማርሾች አሏት። ፍሬኗ በሽቦ የሚሠራ ዲስክ ነው። የጎማዋ ስፋት 40 ሚሊሜትር። የሚያስፎክር ዕቃ አይደለም፤ የሚያሳፍርም አይደለም። ደረቁም ዝናቡም ወቅት አልፎባታል። አስፋልት የምትነካው መንገድ ለመሻገር ብቻ ነው ብል ብዙ አላጋነንኩም። የጫካ መንገድ፣ የወንዝ ዳር፣ ድሮ ባቡር ይሄድበት የነበረ ጠጠር፤ ሥራዋ ይኸው ነው።

መኪና የሌለበት መንገድ ብስክሌትን በሌላ ሚዛን ይመዝናል። አስፋልት ላይ የመኪናው ድምፅ ሁሉን ይሸፍናል። ጫካ ውስጥ ግን የላላች ቡሎን ሳትቀር ትሰማለች። ሽቦው ቴላዮውን ሲነካ ይሰማል። ኮርቻው ሲንቋቋ ይሰማል። ፍጥነትማ ዋጋ የለውም፤ ከፊት እግረኛ አለ፣ ሕፃን አለ፣ ገመዱ የረዘመ ውሻ አለ። ስለዚህ ክብደቷን በግራም የሚተነትን ግምገማ ከእኔ አትጠብቁ።

ዋናው ነገር ጎማው ነው። ሌላው ሁሉ ከሱ በኋላ ይመጣል።

ስትመጣ ካላማዳሪ ነበራት። ሥር በበዛበት የጫካ መንገድ ላይ የካላማዳሪ ጣጣ የታወቀ ነው። ንፋሱ ካነሰ፣ ጎማው ሥሩን ሲመታ ካላማዳሪው ከቸርኬው ጋር ተጣብቆ ይቆነጠጥና ጎን ለጎን ሁለት ቀዳዳ ያወጣል። ንፋሱ ከበዛ ደግሞ እያንዳንዷ ጠጠር መዳፍ ድረስ ትደርሳለች። ቸርኬውም ጎማውም ቱብለስ፣ ማለትም ያለ ካላማዳሪ የሚሠሩ፣ መሆን የሚችሉ ስለነበሩ ካላማዳሪውን አውጥቼ ቀዳዳ የሚደፍን ፈሳሽ አስገባሁበት። 45 ፒ ኤስ አይ (የንፋስ ግፊት መለኪያ ነው) የነበረው ንፋስ ወደ 35 ወረደ። ክብደቴ ወደ 75 ኪሎ ነው፤ ከእኔ የሚከብድ ሰው ከፍ ያድርገው። እነዚያ 10 ፒ ኤስ አይ ያመጡትን ለውጥ የትኛውም ውድ ቴላዮ አያመጣውም ባይ ነኝ። ጎማው ጠጠሩን እየዋጠ ይሄዳል። እርጥብ ቅጠል ላይም ያዝ ያደርጋል።

እሾህ ሲወጋው የሚሆነውን በቅርብ ማየት ደስ ይላል። መጀመሪያ በየዙሩ አንዴ ፍስስ የሚል ድምፅ ይመጣል። ከዚያ ቴላዮው ላይ ወተት የመሰሉ ነጠብጣቦች ይታያሉ። ወርጄ ቀዳዳውን ወደ ታች አዞርኩት፤ ፈሳሹ እዚያ እንዲጠራቀም ነው። ትንሽ አረፋ ወጣ። አረፋው አነሰ፣ ደግሞ አነሰ፣ ቆመ። ፈሳሹ ላቴክስ አለበት፤ ቀዳዳው ላይ ሲደርስ እዚያው ይረጋል። ንፋሱ ትንሽ ቀንሶ ነበር እንጂ ጉዞው አልተቋረጠም። ሰፋ ያለ ቁርጥ ሲሆን ግን ፈሳሹ አቅም የለውም። ለሱ ቀዳዳው ውስጥ የሚወተፍ የጎማ ቁራጭ እይዛለሁ። አንድ ካላማዳሪም ከቦርሳዬ አይጠፋም።

ፈሳሹ አንዴ ተደርጎ የሚረሳ ነገር አይደለም። በጥቂት ወራት ውስጥ ይደርቃል፤ ሙቀት ሲሆን ይፈጥናል። ቸርኬውን ነቅንቆ ጆሮ መስጠት ነው። ከተንቦጫቦጨ አለ፤ ዝም ካለ መጨመር ነው። ይሄ አይመቸኝም የሚል ሰው ካላማዳሪው ላይ ቢቆይ አልፈርድበትም።

ፍሬኑ ግን የእግር እሳት ሆኖብኛል። ከዝናብ በኋላ የወንዝ ዳር መንገድ አሸዋውን ከውሃ ለውሶ ዲስኩ ላይ ይለጥፋል። ያ ብርጭቆ ወረቀት ማለት ነው። አብሯት የመጣው የፍሬን ሸራ ለስላሳው ዓይነት ነበር፤ ጭቃው ውስጥ ሲበላ ዓይን እያየ ነው። የእኔ ፍሬን በሽቦ የሚሠራ ስለሆነ ሸራው ሲሳሳ ራሱን አያስተካክልም። መያዣው ወደ መሪው እየቀረበ ይመጣል። ያኔ የሽቦውን ማስተካከያ ማዞር ነው። በዚያ ላይ የሚገፋው የአንዱ ወገን ሸራ ብቻ ነው፤ ሌላኛው ባለበት ቆሞ ይጠብቃል፣ እሱን በቁልፍ ማስጠጋት ያስፈልጋል። ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ የሆነ ሥራ ነው። አንድ ቀን ረጅም ቁልቁለት ከመውረዴ በፊት በባትሪ ብርሃን አየሁት፤ አንድ ሐሙስ ነበር የቀረው። የሸራው ውፍረት ግማሽ ሚሊሜትር ሲደርስ መቀየር አለበት፤ ከዚያ ካለፈ ብረት ብረትን ይፍቃል።

አሁን ብረት የተቀላቀለበትን ሸራ አድርጌያለሁ። ብዙ ይቆያል። ሲረጥብ ግን ይጮኻል፤ ያውም ጸጥ ባለ ጫካ ውስጥ። ጥቅሙ ደወል መምታት አለማስፈለጉ ነው። ሃይድሮሊክ ፍሬን፣ ማለትም በሽቦ ፈንታ በፈሳሽ ግፊት የሚሠራው፣ ሸራው ሲሳሳ ራሱን ያስተካክላል። ከነዚህ ወራት በኋላ ደግሜ ብገዛ ከሌላው ነገር ሁሉ ቀንሼ እሱ ላይ አውለው ነበር።

ስለ ማርሹ ቅሬታ የለኝም። ወደ ታችኛው ጫፍ፣ ማለትም ባለ 42 ጥርሱ ላይ፣ ፔዳሉ አንድ ሙሉ ዙር ሲዞር ብስክሌቷ 2.1 ሜትር ያህል ትሄዳለች። በደቂቃ 60 ዙር ቢረገጥ በሰዓት 7.5 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የጫካ ዳገት ለመውጣት ይበቃል። ልቅ ጠጠር ላይ ግን ተነስቶ መርገጥ አይሆንም፤ የኋላው ጎማ ባዶውን ይሽከረከራል። ተቀምጦ፣ ደረትን ዝቅ አድርጎ፣ ቀስ ነው። ባለ 11 ጥርሷ ማርሽ ያለ ሥራ ትዞራለች። የወንዝ ዳር ሜዳ ነው፤ የድሮ ባቡር መንገድም ብዙውን ጊዜ ተዳፋቱ ከ2 ወይም ከ3 በመቶ አይበልጥም። ባቡር ዳገት አይወድም።

የኋላው ማርሽ መቀየሪያ ውስጥ ትንሽ ክላች አለ። ሰንሰለቱን ወጥሮ ይይዘዋል። ሥር ላይ ስንነጥር ሰንሰለቱ ቴላዮውን እንዳይመታ፣ ከፊት ጥርሱም እንዳይወልቅ ያደርጋል። የብስክሌት ዕቃ አምራቹ ሺማኖ እ.ኤ.አ. በ2019 ለግራቭል ብቻ ብሎ ጂአርኤክስ የተባለውን የማርሽና የፍሬን ዕቃ ሲያወጣም ይህን ክላች አልተወውም። በጸጥታው ምክንያት እኔ ከማንኛውም ዕቃ በላይ የምወደው እሱን ነው።

ሰንሰለቱ ራሱ ሌላ ጉዳይ ነው። ደረቅ ሲሆን ወፍራም ዘይት አቧራውን ይሰበስባል፤ ስለዚህ ሰም ያለበትን ቅባት እጠቀማለሁ። ዝናብ ሲመጣ ሰሙ ታጥቦ ይሄዳል፣ ወደ ዘይቱ እመለሳለሁ። በየጊዜው መለኪያ እያስገባሁ አየዋለሁ። 0.5 በመቶ ከረዘመ ይቀየራል፤ ካለበለዚያ የኋላ ማርሾቹን ይዞ ይሞታል። ብስክሌቷ ስትታጠብም ኃይለኛ የውሃ ግፊት ኩሽኔታዎቹ ላይ አይደረግም። ውሃው ግሪሱን ያስወጣዋል።

ኮርቻው? ቀየርኩት። ይሄ የየሰው ጉዳይ ነው።

የጎማ ስፋት ምን ይሁን ለሚል ሰው አንድ መንገድ ልጥቀስ። አሜሪካ ውስጥ ከፒትስበርግ እስከ ከምበርላንድ የሚሄደው ግሬት አሌጌኒ ፓሴጅ 240 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ አብዛኛው የተፈጨ የኖራ ድንጋይ ነው። ከምበርላንድ ላይ ከቦይ ዳር መንገድ ጋር ይገናኝና እስከ ዋሽንግተን ወደ 300 ኪሎ ሜትር ይቀጥላል። ይሄኛው በቅሎዎች ጀልባ እየጎተቱ ይሄዱበት የነበረ ነው፤ ብዙ ቦታ አፈር ስለሆነ ሲዘንብ ይጨቀያል። ለመጀመሪያው 35 ሚሊሜትር ጎማ ይበቃል፣ ለሁለተኛው ግን 45 ቢሆን አይጠላም። የእኔም መንገዶች እንደዚሁ ሁለት ጠባይ አላቸው። 40ው መሃል ላይ ስለሆነ ነው የተመቸኝ።

ብቻ አሁን የኋላው ጎማ መሃሉ ተልጧል። ቴላዮው 45 ይቀበላል፤ ነገር ግን ፓራፋንጎው ሲገጠም የሚቀረው ክፍተት ለ40 ብቻ ነው። ያለ ፓራፋንጎ ደግሞ የወንዝ ዳር ጭቃ ጀርባ ላይ ነው የሚያርፈው፤ ከኋላ የሚመጣ ጓደኛ ካለም ፊቱ ላይ። ስለዚህ ዝናቡ እስኪያልፍ ሌላ 40 እገዛለሁ፣ ከበፊቱ ጥርሱ ትንሽ ጠለቅ ያለውን።