ኒው ላናርክ፦ ሲፈተል ያዩትን ክር የሚገዙበት ፋብሪካ

የሚሠራበት ክር የት፣ በምን ማሽንና በማን እጅ እንደተፈተለ በዓይኑ አይቶ መግዛት የሚችል ሰው ዛሬ ጥቂት ነው። በስኮትላንድ በክላይድ ወንዝ ዳር የሚገኘው የኒው ላናርክ ፈትል ፋብሪካ ይህን ዕድል ከሚሰጡ ቦታዎች አንዱ ነው። ከአንዲት ኪሮሽ ከምትሠራ ጓደኛዬ ጋር ከግላስጎው በመኪና ሄደን ጎብኝተነዋል። ፍርዴን አስቀድሜ ልናገር፦ ክር ለሚወድ ሰው ሙሉ ቀን ሊሰጠው የሚገባ ቦታ ነው። ዋነኛው ምክንያትም ታሪኩ ወይም ውበቱ ሳይሆን በፋብሪካው ዛሬም ክር የሚፈተል መሆኑ ነው።

ከግላስጎው በፋብሪካው አጠገብ እስካለችው ላናርክ ከተማ ያለው ርቀት 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ኤም 74 በተባለው አውራ ጎዳና ብቻ መሄድ ፈጣን ቢሆንም፣ ጊዜ ያለው ሰው ቀደም ብሎ ወጥቶ ወንዙን እየተከተለ የሚጠማዘዘውን ኤ 72 መንገድ ቢይዝ አይቆጭም፤ ሸለቆው በፖምና በፕለም አትክልቱ የታወቀ ነው፣ የችግኝ መሸጫዎችም ግራና ቀኝ ተደርድረውበታል። በመንገድ ላይ ከቆምንበት አንድ ቡና ቤት ለብ ያለ ቡና ከጠጣን በኋላ ጓደኛዬ በፔርሙዝ ይዛው የመጣችው ቡና ብዙ ዋጋ አግኝቷል፤ ስንቅ ይዞ መሄድን እመክራለሁ። መኪና የሚቆመው ፋብሪካው ካለበት መንደር በላይ ባለው ኮረብታ ላይ ስለሆነ፣ ጉልበታቸውን የሚያማቸው እናትና አባት ይዞ የሚሄድ ሰው ወደ ታች የሚወርደውን መንገድ አስቦበት፣ ከመሄዱ በፊት ደውሎ መጠየቅ ይኖርበታል።

በመንደሩ ውስጥ መዘዋወር በነፃ ነው። ትኬት የሚጠየቀው ለሙዚየሙ ሲሆን፣ ክር የሚፈተልበት ክፍልም የሙዚየሙ ጉብኝት አካል ነው። እዚያ ያለው ሚዩል የሚባለው የ19ኛው ክፍለ ዘመን መፍተያ ማሽን ነው፤ እኔን ከሁሉ በላይ ያቆየኝም እሱ ነው። ማሽኑ ሁለት ወገን አለው። በአንደኛው ወገን ተባዝቶ የተዘጋጀው፣ ገና ያልከረረው የበግ ፀጉር እንደ ለስላሳ ገመድ ሆኖ ተጠቅልሎ ይቀመጣል። በሌላው ወገን እንዝርቶች በረድፍ የተተከሉበት ረጅም ጋሪ አለ። ጋሪው በሃዲድ ላይ ወደ ኋላ እየተንሸራተተ ፀጉሩን ሲስብ እንዝርቶቹ እየሾሩ ያከርሩታል፤ ጋሪው ጫፍ ላይ ሲደርስ ለአፍታ ቆሞ ይመለሳል፣ በሚመለስበት ጊዜም የከረረው ክር በእንዝርቶቹ ላይ ይጠመጠማል። ይህ ሁሉ በመቶዎች በሚቆጠሩ ክሮች ላይ በአንድ ጊዜ ይሆናል።

እኔ ያደግሁት መንዝ ውስጥ ነው፤ እናቴም ለባና የሚሆን የበግ ፀጉር ስትፈትል እያየሁ ነው ያደግሁት። እንዝርቱን ጭኗ ላይ አሹራ ትለቀዋለች፣ ክንዷን ዘርግታ ፀጉሩን ትስባለች፣ ክሩ በቂ ሲከር ቆም ብላ እንዝርቱ ላይ ትጠቀልለዋለች፣ ከዚያም እንደገና ትጀምራለች። ሚዩሉ የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ መሳብ፣ ማክረር፣ መቆም፣ መጠቅለል፣ በዚሁ ቅደም ተከተል። በዘመናዊ ፋብሪካ ያሉት ማሽኖች ግን ያለ ማቋረጥ እያከረሩ ወዲያው ስለሚጠቀልሉ በፈታይ ሴት እጅና በማሽኑ መካከል ያለው ዝምድና አይታይባቸውም። የእጅ ፈትልን የሚያውቅ ኢትዮጵያዊ ይህን ማሽን ከብዙው ጎብኚ ይልቅ በቀላሉ ይረዳዋል ብዬ የማምነው ለዚህ ነው። ክር ሲበጠስ ማሽኑ አይቆምም፤ ባለሙያዋ ከጋሪው ጋር እኩል እየተራመደች የተበጠሰውን ጫፍ ከአዲሱ ፀጉር ጋር በአውራ ጣቷና በሌባ ጣቷ መካከል አሽታ ትቀጥለዋለች። ጓደኛዬ ይህን ለማየት ከአጥሩ አጠገብ አልለቅ ብላ ነበር። ማሽኑ ቀኑን ሙሉ የሚሠራ አለመሆኑን አውቆ፣ የሚፈተልበትን ሰዓት አስቀድሞ መጠየቅ ግን ግድ ነው።

ታሪኩን በተመለከተ፣ ፋብሪካው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1785 እና በ1786 በግላስጎው ነጋዴ በዴቪድ ዴል እና በውሃ ኃይል የሚሠራውን መፍተያ በፈጠረው በሪቻርድ አርክራይት የተመሠረተ የጥጥ መፍተያ ነበር። ቦታው የተመረጠው የክላይድ ፏፏቴዎች ለሚሰጡት ኃይል ነው። በ1800 አስተዳደሩን የያዘው የዴል አማች ሮበርት ኦውን፣ ዕድሜያቸው ከ10 ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናትን ሥራ ማስገባት አቁሟል፣ የሥራ ሰዓት ቀንሷል፣ በ1816 የሕፃናት ትምህርት ቤት ከፍቷል፤ ዕቃ በጅምላ እየገዛ ለሠራተኛው በርካሽ የሚሸጥበት ሱቁም በኋላ ለመጣው የኅብረት ሥራ እንቅስቃሴ አርአያ ሆኗል። ከሚታዩት ዕቃዎች ውስጥ በየሠራተኛው አጠገብ ይሰቀል የነበረውን ባለ አራት ጎን እንጨት ቀርቦ ማየት ይገባል። ጥቁሩ መጥፎ፣ ሰማያዊው መካከለኛ፣ ቢጫው ጥሩ፣ ነጩ እጅግ ጥሩ ማለት ሲሆን፣ የትናንት ሥራህ በየትኛው ቀለም እንደተመዘነ ላለፈ ላገደመ ሁሉ ይታይ ነበር። ኦውን ይህን ያደረገው በዱላና በስድብ ፋንታ ነው፤ ለዘመኑ ትልቅ መሻሻል እንደነበር አምናለሁ። ቀኑን ሙሉ በዚያ ቀለም ሥር መቆም ምን ያህል እንደሚከብድ ግን ከዚያች ከጣት ብዙም ከማትበልጥ እንጨት ፊት የቆመ ሰው አያጣውም።

ሊታለፍ የማይገባው ሌላው ጉዳይ ጥጡ ነው። በዚያ ዘመን ወደ ስኮትላንድ ፋብሪካዎች ይገባ የነበረው ጥጥ በአብዛኛው ከአሜሪካና ከካሪቢያን ይመጣ የነበረ፣ በባርነት የተያዙ አፍሪካውያን ያለሙትና የለቀሙት ነበር። ዴል ራሱ የባሪያ ንግድ እንዲቀር ይታገል የነበረው የግላስጎው ማኅበር ሊቀ መንበር ነበር፤ ፋብሪካው ግን በዚያው ጥጥ ይንቀሳቀስ ነበር። እኛ አፍሪካውያን ጎብኚዎች ስለ ኦውን ደግነት የሚነገረውን ስንሰማ ይህን ሁለተኛውን ነገር አብረን ይዘን መዞር ይኖርብናል ብዬ አስባለሁ።

ጥጥ መፍተሉ በ1968 ከቆመ በኋላ መንደሩ ከመፍረስ ድኖ በ2001 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ሰፍሯል። ዛሬ የሚፈተለው የበግ ፀጉር ነው፤ በወንዙ ውሃ የሚዞር ተርባይንም ኤሌክትሪክ ያመነጫል።

ወደ ሱቁ ልለፍ። ክሩ ለሹራብ የሚሆን መካከለኛ ውፍረት ያለው፣ ከእሱ ወፈር ያለው ኤራን የሚባለው፣ እንዲሁም ለአንገት ልብስና ለብርድ ልብስ የሚመች በጣም ወፍራሙ ሆኖ በየዓይነቱ ይሸጣል። ቀለሞቹ ደብዘዝ ያሉና የኮረብታ ሣር፣ የድንጋይና የደመና ቀለም የሚመስሉ ናቸው፤ የሚያብረቀርቅ ነገር የሚፈልግ ሰው ላይወዳቸው ይችላል። በእጅ ሲያዝ ትንሽ ይሻክራል፤ መሪኖ ከሚባለው በግ እንደሚገኘው ለስላሳ ፀጉር አይደለም፣ ቆዳው ቶሎ የሚቆጣ ሰው ደግሞ ከአንገቱ ጋር ባያገናኘው ይሻለዋል። ጓደኛዬ ቤቷ ገብታ በኪሮሽ ናሙና ሠርታ ለብ ባለ ውሃ ስታጥበው ግን ክሩ ተፍታትቶ፣ ቀዳዳዎቹ ሞልተው፣ ሻካራነቱም ቀንሶ አገኘነው። ስለዚህ ሱቁ ውስጥ በመዳበስ ብቻ መፍረድ ትክክል አይሆንም። ዋጋው በየሱፐርማርኬቱ ከሚገኘው አክሪሊክ ክር ይወደዳል፤ ሲታጠብ ቅርጹን የሚጠብቅና ለዓመታት የሚያገለግል በመሆኑ ተገቢ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ለጥልፍና ለጥበብ የሚሆን ቀጭን ክር ለሚፈልግ ግን ይህ ቦታው አይደለም።

እዚያ ቆሜ ደጋግሜ ያሰብኩት የመንዝ በግ ፀጉር ነው። ባና የሚሸምኑ ባለሙያዎች ባሉበት፣ ደብረ ብርሃን ላይ የብርድ ልብስ ፋብሪካ በተተከለበት አካባቢ፣ ሰው ሲፈተል አይቶ ክሩን ገዝቶ የሚሄድበት አንድ ቤት ቢከፈት ከኒው ላናርክ ያነሰ የሚታይ ነገር አይኖረውም። የውጭ አገር ሰው ብቻ ሳይሆን የአዲስ አበባ ልጆችም ይሄዱበት ነበር።

ከፋብሪካው ጀርባ የሚጀምረው የእግር መንገድ ቁመቱ ከ25 ሜትር ወደሚበልጠው ኮራ ሊን ፏፏቴ ይወስዳል፤ ዝናብ ከጣለ በኋላ መሄድ ይመረጣል፣ ጫማ ግን አጥብቆ የሚይዝ መሆን አለበት። ማደር ለሚፈልግ ከቀድሞዎቹ የፋብሪካ ሕንፃዎች አንዱ ሆቴል ሆኗል፤ እኛ ስላላደርንበት አልፈርድም። ክር ለመግዛት የሚሄድ ሰው የሚሠራውን ልብስ መጠን አስልቶ ይሂድ። የተቀለመ ክር በየዙሩ ትንሽ ስለሚለያይ የሚበቃውን ሁሉ በአንድ ጊዜ ይግዛ፤ በየጥቅሉ ወረቀት ላይ የማቅለሚያ ዙር ቁጥር ካለም ከመክፈሉ በፊት አንድ መሆኑን ያረጋግጥ።