በነጻ የሚገኘውን ኪፓስ የተባለ የፓስወርድ ማስቀመጫ ፕሮግራም በ4,500 ብር ገዛሁት፤ እናንተ እንዳትሸወዱ

ጎንደር ውስጥ ቢሮና ቤት በሁለት ኮምፒውተር የምትሠሩ ወገኖቼ፣ ፓስወርዳችሁን «እናገናኝላችኋለን» ለሚል ሰው ከመክፈላችሁ በፊት ይህን አንብቡ።

ሥራዬ ሒሳብ ነው። ቀን ፒያሳ ቢሮ፣ ማታ አዘዞ ቤቴ በላፕቶፕ እሠራለሁ። የደንበኞቼ የኢሜይልና የግብር ፓስወርድ እኔ ዘንድ ነው። በደብተር መያዙ ስላስፈራኝ አንድ የኮምፒውተር ቤት ሄድኩ። «እህቴ፣ ኪፓስን ከነዕድሜ ልክ ላይሰንሱ በ4,500 ብር እንጭንልሻለን፤ ሁለቱም ኮምፒውተር ላይ እኩል ይሆንልሻል» አሉኝ። አምኜ ከፈልኩ።

ኪፓስ የሚገዛ ላይሰንስ የለውም። ዶሚኒክ ራይክል የተባለ ጀርመናዊ ከ2003 ጀምሮ በነጻ የሚያወጣው ፕሮግራም ነው። ለድካማቸው ቢያስከፍሉኝ አልከፋም ነበር። የከፋኝ የሌለ ነገር መሸጣቸው ነው።

ሁለት ሳምንት ደህና ሠራ። ከዚያ አንድ ቀን ማታ ቤት የቀየርኩት ፓስወርድ ጠዋት ቢሮ የለም። ፋይሉን በኢንተርኔት ሁለቱም ኮምፒውተር ላይ እኩል እንዲያደርግ የጫኑልኝን የድሮፕቦክስ ፎልደር ስከፍት የፓስወርዶቹ ፋይል ሦስት ሆኗል። ሁለቱ ስማቸው ላይ «ኮንፍሊክትድ ኮፒ» (የተጋጨ ቅጂ) የሚል ከነቀኑ ተጨምሮባቸዋል። ደውዬ ብነግራቸው «ቫይረስ ነው፣ 1,500 ብር ይዘሽ ነይ» አሉኝ።

ቫይረስ አልነበረም። ማራኪ ግቢ የሚማረው የእህቴ ልጅ አይቶ አስረዳኝ። ቢሮ አዲስ ነገር አስገብቼ ሴቭ ሳደርግ ፋይሉ ወደ ድሮፕቦክስ ሳይወጣ መብራት ጠፋ። ማታ ደግሞ ቤት በቆየው ፋይል ላይ ሌላ ነገር ቀየርኩ። ጠዋት መብራት ሲመጣ ሁለቱ ተጋጩ። ድሮፕቦክስ የትኛውን እንደሚጥል ስለማያውቅ ሁለቱንም ያስቀምጣል። መብራትና ኔት እንደኛ ከተማ በሚቆራረጥበት ቦታ ይህ በማንም ላይ ይደርሳል።

መፍትሔው አሥር ደቂቃ አልፈጀም። መጀመሪያ ሦስቱንም ፋይሎች ፍላሽ ላይ ገለበጠ። ከዚያ ዋናውን ከፍቶ ፋይል የሚለው ሜኑ ውስጥ ሲንክሮናይዝ፣ ቀጥሎ ሲንክሮናይዝ ዊዝ ፋይል ብሎ ኮፒዎቹን አንድ በአንድ መረጠ። ኪፓስ ከየፋይሉ አዲሱን ወስዶ አዋሃዳቸው፤ የጠፋው ፓስወርድ ተመለሰ። ስለዚህ እንዲህ ያለ ኮፒ ስታዩ እንዳትሰርዙ።

ዋናው ጉድ የወጣው ከዚያ በኋላ ነው። ልጁ የድሮፕቦክሱን አካውንት ሲያይ ኢሜይሉ የእኔ አይደለም፤ የሱቁ ነው። ፋይሉን የሚከፍተውን ማስተር ፓስወርድም የጫኑልኝ ቀን የጻፉልኝ እነሱ ናቸው። ፋይሉም ቁልፉም በእጃቸው ነበር ማለት ነው። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። የእኔ ብቻ ቢሆን አንድ ነገር ነው፤ አምነው የሰጡኝ ሰዎች ናቸው።

ማስተር ፓስወርዱን ብቻ መቀየር አይበቃም። እነሱ ጋ የቀረው አሮጌ ፋይል በአሮጌው ቁልፍ ይከፈታል። ስለዚህ ውስጥ ያለውን ፓስወርድ ሁሉ መቀየር ነበረብኝ። ለእያንዳንዱ ደንበኛ ደውዬ፣ እውነቱን ነግሬ፣ ይቅርታ ጠይቄ ቀየርኩ። ሁለት ምሽት ፈጀብኝ።

አሁን በራሴ ኢሜይል የተከፈተ ነጻ ድሮፕቦክስ አለኝ። 2 ጊጋባይት ይሰጣል፣ እስከ ሦስት ኮምፒውተርና ስልክ ድረስ ይሠራል፤ የፓስወርድ ፋይል ደግሞ ከአንድ ፎቶ እንኳ ያንሳል። ከቢሮ ስወጣ ኪፓስን እዘጋለሁ፣ ፋይሉ መውጣቱን የሚያሳየውን ምልክት ሳላይ ኮምፒውተሩን አላጠፋም። ዓርብ ዓርብ ፍላሽ ላይ እገለብጣለሁ። ማስተር ፓስወርዱን ወረቀት ላይ ጽፌ ቆልፌበታለሁ፤ ከጠፋ ኪፓስን የሠሩት ሰዎች እንኳ አይመልሱትም።

ብሬን ብጠይቅ አልመለሱልኝም። በዚህ መንገድ ከፍላችሁ ያስጫናችሁ ካላችሁ ዛሬ ማታ ሳትተኙ ድሮፕቦክሳችሁን ክፈቱና በማን ኢሜይል እንደተከፈተ እዩ። የእናንተ ካልሆነ ከባንኩ ፓስወርድ ጀምራችሁ ቀይሩ።