ኤሊዛ ወይስ ሪታ? ለድሬዳዋ መድረክ

ኤሊዛና ሪታ የሁለት የእንግሊዝኛ ተውኔቶች ዋና ገፀ ባሕርያት ናቸው። ሁለቱም ሠርቶ አዳሪ ናቸው፤ ሁለቱንም ትምህርት ይለውጣቸዋል።

የበርናርድ ሾው ኤሊዛ («ፒግማሊየን»፣ እ.ኤ.አ. 1913) አበባ ሻጭ ናት። አነጋገሯን እንዲያርምላት ለአንድ ፕሮፌሰር ልትከፍል በራሷ እግር ብትመጣም፣ እሱና ጓደኛው በእሷ ላይ የገቡት ውርርድ ይውጣታል። ነጠላ ጫማውን በፕሮፌሰሩ ላይ ስትወረውር ግን እሰይ ያሰኛል!

የዊሊ ራስል ሪታ («ኤዱኬቲንግ ሪታ»፣ እ.ኤ.አ. 1980) ፀጉር ሠሪ ናት። የአስተማሪዋ ቢሮ በር አላስገባ ሲላት፣ በሌላ ቀን እጀታውን ዘይት ትቀባዋለች። ድፍረቱማ ድሮም ነበራት። የሚለወጠው ማንነቷ ነው፤ ከባሏ ትለያያለች፣ ለራሷ ያወጣችውን «ሪታ» የሚል ስም ትታ ወደ ሱዛን ትመለሳለች።

ድሬ ላይ ቢሠራ ምርጫዬ ሪታ ናት። ሁለት ተዋናይና አንድ ክፍል ይበቃታል። ቀን ቀፊራ ገበያ ስትሸጥ ውላ ማታ ደብተር የምትይዝ ልጅም ራሷን ታይባታለች። ኤሊዛ ግን ታስቸግራለች፤ አማርኛው ከኦሮምኛና ከሶማሊኛ ጋር እየተቀላቀለ በሚወራበት ከተማ የማንን አነጋገር ማን ያርማል?